ልጄን ያሰረው ማን ነው?

እኔ መይሙና ሰው አላምንም። አብነት ሰፈር ሻሽና ሂጃብ እየሸጠ ሰው ያመነ፣ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይቀመጣል። ደንበኛዋ «የኔ ቆንጆ» እያለችኝ ስትገባ ዓይኔ ከእጇ ላይ አይነቀልም። ባሌ አብዱልጀባር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። በመጣ ቁጥር «አንቺ እኮ መላኢካ ቢመጣ እንኳ መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ጌጃ ሰፈር፣ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ሁለት ልጅ ይዤ የምኖረው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ትንሹን ልጄን ፈሀድን ሳጥበው፣ ቀኝ አንጓውን ዙሪያውን የከበበ ቀይ ሰንበር አየሁ። መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎኝ በሳሙና ፈተግኩት። እጁን ነጠቀኝ። አሞታል ማለት ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ገባኝ፤ የገመድ ወይም የጨርቅ ምልክት ነው። አፍ የሌለው ልጄን አንድ ሰው እንደ በግ አስሮታል። ደሜ ፈላ።

ፈሀድ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አይናገርም፤ ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው ብለውናል። በር ገርበብ ብሎ ካገኘ ሽው ነው፤ አንድ ጊዜ ጠፍቶብን የባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ቆሞ ነው የተገኘው። ስንት ትምህርት ቤት ደጅ ጠናሁ! «እንዲህ ያለውን አንችልም» እያሉ መለሱኝ። አምና ግን እህቱ ሳሚያ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ከፈተና ተቀበሉት። መምህርቷ ዕፀገነት ትባላለች። ያን ቀን እልል ነው ያልኩት።

ሁለቱም ስድስት ሰዓት ላይ ይለቀቃሉ። ሳሚያ ወንድሟን ይዛ ቤት ትገባለች፣ ምሳ ታበላዋለች፣ እኔ ከሱቅ እስክመለስ እያጠናች ትጠብቀዋለች። ሳሚያዬ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ማሻአላህ፣ ከክፍሏ አንደኛ ነው የምትወጣው። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። እኔም በየጠዋቱ በር ላይ «ወንድምሽን ጠብቂ፣ አጥኚ፣ ሚኒስትሪ ብትወድቂ ወየውልሽ!» ሳልላት አልወጣም።

ሰንበሩን አሳየኋት። «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ክፍል ውስጥ ይሆናላ» አለችኝ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች።

ይሄው ነው! ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይሸተኝ ጀመር። ለካ ልጄ ሰሞኑን ጸጥ ያለው በደህና አይደለም! እኔ ስለምነው የማይቀመጥ ልጅ፣ እነሱ ጋ ደወል ሲደወል ራሱ ሄዶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል ሲሉኝ ማሻአላህ እያልኩ ስስቅ ነበር፤ ካልደበደቡት እንዴት ይቀመጣል? አንጓውም ላይ እኔ የማላውቀው ቅባት ይሸታል። ሌባ ደግሞ ዱካውን ያጠፋል እንጂ ምን ያደርጋል? ያቺ መምህርትስ ባለፈው በር ላይ ይዛኝ «ቤት ማን ይውላል? የት ነው የሚተኛው?» እያለች መጠየቋ! የኔ ቤት ምን አገባት?

ከሱቄ አጠገብ ጫማ የምትሸጠው ሙፊዳ ደግሞ ጨመረችበት። «አንቺ ሞኝ፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን ፎቶ እያነሱ ለፈረንጅ ይልኩና ብር ይለምኑባቸዋል። አስረው ቢያነሱትስ?» አለችኝ። ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ሳልጠራ፣ ሳላንኳኳ የክፍሉን በር ገፋ ባደርገው ምን አያለሁ? ቲቸር ዕፀገነት የልጄን እጅ ይዛ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች! አንጓውን!

«ያዝኩሽ!» አልኩ።

ደንግጣ ስልኩን ጋውኗ ኪስ ከተተችው። «የፈሀድ እናት፣ እንኳን መጡ። እኔም ላስጠራዎት ነበር።»

«መቼ? ለፈረንጅ ልከሽ ስትጨርሺ?»

«ምኑን?»

«ሰንበሩን ነዋ! ልጄን አስራችሁ ታውሉታላችሁ፣ ከዚያ ፎቶ ታነሱታላችሁ። ቅባት ብትቀቢው የማላውቅ መሰለሽ?»

ረዳቷ ሌሎቹን ልጆች ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ቲቸር በሩን ዘጋችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «እኔ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው።»

ክው አልኩ።

«ሰንበሩን ይዞት የሚመጣው ከቤት ነው» አለች። «ጠዋት አየዋለሁ፤ እዚህ ሲውል ይደበዝዛል፣ በማግስቱ እንደገና ቀልቶ ይመጣል። ቅባቱን የምቀባው እኔ ነኝ፣ ስለሚያሳክከው። ፎቶውን የማነሳው ደግሞ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ላመለክት ስለሆነ ነው። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሲያስቸግርዎት ያስሩታል?»

እኔ! እኔን! አጥቤ፣ አብልቼ፣ በደረቴ ለጥፌ የማስተኛውን! ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጩኸቴ ግን ግቢውን አዳርሷል። እሷ አልጮኸችም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ያልሰረቀ ሰው ሌባ ሲባል ይጮሃል፤ እሷ ምነው ዝም አለች?

«እሺ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከማን ጋር ነው የሚውለው?» አለችኝ።

«ከእህቱ ጋር!»

«እህቱ...»

«ስሟን እንዳታነሺ! ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት!»

እኔ የፈሀድን ቦርሳ ከመስቀያው አወረድኩ። «ከዛሬ ጀምሮ አይመጣም» አልኩ።

ያኔ ነው የደነገጠችው። «የፈሀድ እናት፣ እኔን ይክሰሱኝ፣ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይውሰዱኝ፣ እሱን ግን አያስወጡት። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ ቦታው ዛሬ ከተለቀቀ ነገ አይገኝም። ገና መማር ጀመረ እኮ!»

የአዞ እንባ ነው አልኩ በልቤ። ልጄን ከምንጣፉ ላይ ስጎትተው ጮኸ፤ የበሩን ጠርዝ ይዞ አልለቅ አለ። ደወሉ ተደውሎ ሳሚያ ወንድሟን ልትወስድ ስትመጣ፣ ጣቶቹን ከበሩ ላይ እያላቀቅኩ ነበር።

መንገዱን ሁሉ ሳሚያ ከኋላችን እየቀረች መጣች። ቤት ልንደርስ ስንል ክንዴን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ አታስወጪው።»

«ለምን?»

«ዝም ብሎ። ቲቸር ምንም አላደረገችም።»

«አንቺ ምን አውቀሽ? አየሽ፣ አንቺንም አታላሻለች! ከእንግዲህ ጠዋት ሱቅ ይዤው እውላለሁ፤ ከሰዓት አንቺ አለሽለት።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያስ!»

ክንዴን ለቀቀችው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄን ከጅብ አፍ ያወጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ሱቁን የዛሬን ይቅር ብዬ ምሳ አቀረብኩ። ፈሀድ እንደ ልማዱ ዳቦውን ይዞ ጥግ ላይ ቁጭ አለ።

«በይ አሁን አጥኚ» አልኳት ሳሚያን፣ ሳህኑን እያነሳሁ።

«ዛሬ አላጠናም።»

«ምን አልሽ?»

«ራሴን አሞኛል።»

«ሚኒስትሪው ራስሽ እስኪሻልሽ ይጠብቅሻል? እኔ አለሁለት፤ አጥኚ ብዬሻለሁ!»

የሒሳብ መጽሐፏን አወጣች። የአባቷን ብርድ ልብስ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ገለጠችው።

ፈሀድ ዳቦውን አስቀመጠ። ማንም አልጠራውም። ተነሳ፣ ወደ አልጋው ሄደ፣ ከብረቱ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ጨዋታ መሰለኝ። «ምን ፈልጎ ነው?» አልኳት። ሳሚያ ፊቷን መጽሐፉ ውስጥ ቀበረች። ልጁ እጁን እንደዘረጋ ይጠብቃል። አያለቅስም፣ አይፈራም። ሰንበሩ ከነቅባቱ እየታየኝ ነው።

«ሳሚያ!»

«ትንሽ ብቻ ነው!» ብላ ፈነዳች። «በሩ ከውስጥ አይቆለፍም፣ ይወጣብኛል! ሐዲዱ ጋ ቢሄድብኝስ? ቢሞትብኝስ? አንቺ ጠብቂው ትይኛለሽ፣ ደግሞ አጥኚ ትይኛለሽ! እንዴት አድርጌ ነው ሁለቱን? ሒሳቡን እስክጨርስ ብቻ ነው። አንቺ ሳትመጪ እፈታዋለሁ። አላጠብቅበትም፣ ወላሂ አላጠብቅበትም ነበር፤ እሱ ነው የሚጎትተው።»

እጄን ለጥፊ አነሳሁ። አንስቼ ቀረሁ። ማንን ልምታ? ያ ረቢ፣ ይህችን ልጅ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ ያስፈራራኋት እኔ አይደለሁም? የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስጠረጥር፣ በገዛ ቤቴ አንዲት ልጅ እንዳቃታት አላየሁም። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያቺ ሴትዮስ? «አያስወጡት» እያለች ስትለምነኝ የሰደብኳት!

ሳሚያ ታለቅሳለች። እኔ እንደ ቆምኩ ነኝ። ፈሀድ መጠበቁ ሰለቸው መሰለኝ፣ ተነሳና እጁን ከፍራሹ ሥር ሰዶ ሰማያዊ ሻሽ መዘዘ። ለዒድ ከሱቄ መርጬ ያመጣሁላት ሻሽ ነው። ለእህቱ ዘረጋላት። ራሷን ነቀነቀች፣ «ዛሬ የለም፣ ፈሀዴ፣ ዛሬ የለም» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ልጄ ከተወለደ ጀምሮ አንድም ዕቃ በእጁ አቀብሎኝ አያውቅም። ሻሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ተመልሶ አልጋው ሥር ተቀምጦ፣ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።