ለአዛናው ዋስ የጠፋ ዕለት

እኔ ሽማግሌ አልወድም። ሽበት ጠልቼ አይደለም፤ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው የሸሸች ሴት ሊመልሱ የሚመጡትን ማለቴ ነው። በእነሱ ምክር ከባሌ ታርቄ ተመልሼ ነው ጥርሴን ያራገፍኩት፤ ብቆጣ አይፈረድብኝም።

የምኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ እማሆይ እህተ ማርያም ከዱላ ላመለጠች ሁሉ በከፈቱት ቤት ነው። ጥጥ እንፈትላለን፣ ጎመን እንኮተኩታለን፣ እንጣላለን፣ እንስቃለን። አዲስ የመጣ ልጅ የወንድ ሳል ከሰማ ሮጦ ከጎታው ኋላ ይደበቃል። እየቆየ ሲሄድ ፍርሃቱ ይለቀዋል።

አየለች የመጣችው በጤፍ አጨዳ ሰሞን፣ ከፍኖተ ሰላም ገጠር፣ ትንሽ ሴት ልጇን አዝላ ነው። ቀኝ እጇ አይነሳም ነበር። ባሏ አዛናው ሲሰክር ይመታል፤ ሳይሰክርም ይመታል። እኛ ዘንድ ከገባች ወዲህ እጇም ልጇም እየዳኑ ነበር።

ታዲያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዛናው አጎቱንና የክርስትና አባቱን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ ከተፍ አለ። እናቱ ወይዘሮ እልፍነሽም ልጅቱን አዝለው ለመመለስ አብረው መጥተዋል። አየለች ገና ስታያቸው ጨርቋን መቋጠር ጀመረች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ሽማግሌ እንቢ ይባላል እንዴ፣ እት ንግሥቴ?» አለችኝ፤ እንባዋ ይወርዳል። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

በግቢያችን ዋርካ ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንደበተ ርቱዑ አያ አድማሴ ነበሩ። «እማሆይ፣ ሰይጣን ነው መኻል የገባው» ብለው ጀመሩና ማቆሚያ አጡ።

«ሰይጣኑ ሽመል ይይዛል?» አልኩ።

«ንግሥቴ፣ አንቺ ዝም በይ» አሉኝ እማሆይ።

አዛናውም ደረቱን ነፍቶ፣ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት! ሁለተኛ እጄን አላነሳባትም» ብሎ ማለ።

እማሆይ ቀስ ብለው መስቀላቸውን አወጡ። «መልካም፤ ዕርቅ እኔም እወዳለሁ። ዋሱ ማነው?»

በአገራችን ሚስቱን መትቶ የታረቀ ሰው ዳግም እንዳይመታ ዋስ ይጠራል። እማሆይ ዘንድ ደግሞ ዋሱ መስቀል ይዞ ይምላል፤ ሰውየው ቃሉን ቢያፈርስ ኃጢአቱ የዋሱ ነው። ለካ እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ ሲመጡ እያንዳንዱ ሌላው ዋስ ይሆናል ብሎ ኖሯል! አያ አድማሴ የአዛናውን አጎት አዩ፤ አጎቱ የክርስትና አባቱን አየ፤ የክርስትና አባቱ የዋርካውን ቅጠል ያይ ጀመር። «እኔ እንኳ ልጆች አሉብኝ» አለ አጎትየው። የአያ አድማሴ ምላስ የት እንደገባ እንጃ።

አዛናው ፊቱ ጠቆረ። «እናቴ አለችልኝ! በይ ማይ እንጂ!» አለና እናቱን በክንዳቸው ያዛቸው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ተነሡ። እናት ለልጇ መማሏ መቼ ይቀራል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አየለችም ልጇን አዝላ መቀነቷን ታጠብቃለች።

እሳቸው ግን መስቀሉን አልያዙም። «አልምልም» አሉ። «የወለድኩት እኔ ነኝ፤ የማውቀውም እኔ ነኝ። አባቱም እንዲህ ሲያደርገኝ ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን ብሰማ ኖሮ እኔም በሸሸሁ።»

አያ አድማሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ዋስ ከሌለ ዕርቅ የለም» አሉ። አዛናው ወደ እናቱ ሊንደረደር ሲል አጎቱና የክርስትና አባቱ ግራና ቀኝ ይዘው ወሰዱት። ሽማግሌ ስወድ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ወይዘሮ እልፍነሽን አየኋቸው። ከአጥሩ በር ላይ ቆመው፣ ሰዎቹ የሄዱበትን መንገድ እያዩ አንድ እግራቸውን ያወጣሉ፣ መልሰው ያስገባሉ። ለካ ያ አልምልም ያሉለት ልጃቸው የሚኖረው ከእሳቸው ጋር ነው፤ ማታ የሚመለሱት ወደ እሱ ነው።

አየለች ወጥታ እጃቸውን ያዘችና ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ከመደቡ ላይ አስቀምጣ፣ መቀነቷን ፈትታ፣ ልጅቱን እጉያቸው ውስጥ አኖረችላቸው።

«የትም አይሄዱም፣ እሜቴ» አለች። «ለእርስዎ ዋስ እኔ ነኝ።»