የገለቴ የእንዶድ አጥር

ገለቴ ቡራዩ ዳር ከነበራት እርሻ እኩሌታው ተለክቶ ከተወሰደባት ሁለት ዓመት ሆኗታል። በተወሰደው ላይ የኪራይ ቤቶች ተሠሩበት። በእሷና በተከራዮቹ መሃል የቀረው ባሏ በሕይወት ሳለ ቅርንጫፍ እየቆረጠ የተከለው የእንዶድ አጥር ነው። እንዶድ ብዙ አያስቸግርም፤ አንዴ ሥር ከያዘ ያገኘው ግንድ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል፣ ነጣ ያለ አበባውን እንደ ጭራ ያንጠለጥላል፣ ከዚያ ፍሬው ይንዠረገጋል። ገለቴ ፍሬውን አድርቃ ገበያ ታወጣዋለች። ነጠላና ጋቢያቸውን በሳሙና ማጠብ የማይወዱ ሴቶች ይገዟታል።

በ2008 ታኅሣሥ ግን ገበያም አልነበረም። የገበሬውን መሬት ወደ ከተማ ያጠቃልላል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ በተነሣው ተቃውሞ መንገዱ ተዘግቷል፣ ሱቆቹም ተቆልፈዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ መገርሳ ከተያዘ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሆለታ ታስሯል ሲሏት መንገዱ ሳይዘጋ ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ «እዚህ የለም» ተብላ ተመልሳለች።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ በኩል ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ብቅ ብትል ከማዶ ካሉት ተከራዮች አንዷ ራቢአ ጨቅላዋን አዝላ፣ የቀላ የእንዶድ ፍሬ እየለቀመች ሻርፗ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች።

«መሬቱ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ አጥሩን?» አለቻት።

ራቢአ ደነገጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አደ ገለቴ። ሳሙና አጣሁ። ባለቤቴ ከተማ ሥራ እንደሄደ መንገዱ ተዘጋበት። የልጁን ጨርቅ በውኃ ብቻ እያጠብኩ ገላው ተላጠ።»

ገለቴ ጠጋ ብላ ልጁን አየችው። እግሮቹ መሃል እሳት የነካው መስሏል።

«የቀላው እምብዛም አረፋ የለውም፤ የሚለቀመው አረንጓዴው ነው» አለች። «ኮቱ፣ ነይ፣ የደረቀ አለኝ።»

ሙቀጫውን አውጥታ መውቀጥ ጀመረች። «አፍንጫሽን ሸፍኚ። የሕፃን ጨርቅ ስለሆነ አራቴ ታለቀልቂዋለሽ። ፍሬውን ደግሞ እንዳይቀምስ፣ መርዝ ነው።»

ራቢአ መሸፈኑን ረስታ ብናኙ ገባባትና ማስነጠሱን ማቆም አቃታት። ገለቴ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ልጇ ትዝ አላትና በሳቋ አፈረች። ራቢአ የገለቴ ፊት ሲለወጥ አየች።

«አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች ቀስ ብላ። «መገርሳን ሲወስዱት በመስኮት አይቻለሁ። አንዱ በስልክ ‹ወደ ሰበታ እያመጣናቸው ነው› ሲል ሰምቻለሁ።»

«ይሄን ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዘሽ ተቀመጥሽ?»

«ፈራሁ። የሚያምኑኝም አልመሰለኝ።»

ገለቴ ዘነዘናውን አስቀመጠች። አፏ ላይ የመጣ ስድብ ነበር፤ ዋጠችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ሴት በአጥሩ በኩል ስታልፍ እያየቻት አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብላት አታውቅም።

መንገዱ እንደተከፈተ ሁለቱ ተያይዘው በአየር ጤና በኩል ሰበታ ሄዱ። ራቢአ ልጇን እንዳዘለች በየእስር ቤቱ በር ጠየቀች። ሦስተኛው በር ላይ የመገርሳ ስም ተገኘ። ማየት ባይፈቀድም የወሰዱለትን ምግብ ጠባቂዎቹ ተቀብለው የቆሸሸ ልብሱን በፌስታል አወጡላቸው። ሸሚዙ የእሱ ነው፣ ጠረኑም የእሱ። ገለቴ ፌስታሉን ታቅፋ ግንቡን ተደግፋ አለቀሰች። ራቢአ ትከሻዋን ይዛት ቆመች።

ጥር ላይ ፕላኑ መቅረቱ በሬዲዮ ተነገረ፤ የገለቴ መሬት ግን አልተመለሰም። መገርሳ ሚያዝያ ላይ ከስቶ ተፈታ። ቤት ሲደርስ ራቢአን ከእናቱ ጎን ተቀምጣ አገኛት፤ ፊቱ ጠቆረ።

«እሷ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ።

«ያለህበትን ያገኘችው እሷ ናት» አለችው ገለቴ።

መገርሳ ወደ ራቢአ ዞረ። ከዚያ ሄዶ እጁን ዘረጋላት።

«አካም ጅርታ?»

«ፈያ፣ ደህና» አለች ራቢአ። ጎንበስ ብላ ከአጠገቧ ያለውን በርጩማ ሳበችለት።