ያደረ ሰው ብቻ

«እማማ፣ ትናንት እዚህ ቤት ስንት ሰው አደረ?»

የሕዝብ ቆጣሪው ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ቅጹን ክንዱ ላይ ዘርግቶ ሲጠይቀኝ መልሱ ጠፋኝ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም። ከኋላዬ ባሉት ሁለት ክፍሎች አራት አልጋ ተነጥፏል። የአራቱንም አንሶላ በየሳምንቱ እቀይራለሁ። ሰው የሚያድርባቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የመጨረሻዋ ልጄ።

መልሱ ለምን እንደጠፋኝ ለመናገር ከሥራዬ መጀመር አለብኝ።

በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ሦስት የማዋለጃ አልጋ ነበረን፤ አራተኛዋ ምጥ የያዛት ሴት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ጨብጣ ታቃስት ነበር። አንሶላውን በቀን ሁለት ጊዜ በበረኪና ዘፍዝፌ ሳሰጣው የልብስ ገመዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። ቆጣሪው ሲመጣ ግን የቀረን አንድ አልጋ ነበር። አንሶላውንም የማጥበው ደም ነክቶት ሳይሆን አቧራ ጠጥቶ ነበር።

ወረርሽኝ አልገባብንም፣ ጦርነትም አልመጣብንም። የክር ፋብሪካው ተዘጋ፤ ወጣቱ ሥራውን ተከትሎ ሄደ። ግን ነገሩ ከፋብሪካውም በፊት የጀመረ ይመስለኛል። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ አራት አሳደገች። ማን እንደሚተርፍላት ስለማታውቅ ዝም ብላ ትወልድ ነበር። እኔ አራት ወለድኩ፤ የአራቱም የክትባት ካርድ ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድም አልቀበርኩም። ትልቋ ልጄ አንድ ወልዳ በቃኝ አለች። በስልክ «ድገሚ እንጂ» ስላት፣ «እማዬ፣ አከራዬ ሁለተኛ ልጅ ካየ ሁለተኛ ኪራይ ነው የሚጠይቀኝ» ብላ ሳቀችብኝ። ሁለተኛዋ ልጄ ጭራሽ አላገባችም። ሁለቱም ከተማ ናቸው። ወንዱ ልጄ ባሕር ማዶ ነው። አባታቸው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ ስወጣ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት እማራለሁ። አሥራ አንድ ሴቶች ነን፤ ጉልበታችን በልጆቹ ዴስክ ሥር አይገባም። አንድ ቀን መምህርታችን ሰሌዳው ላይ አራት በር ያለው ቤት ሣለች።

«አገር ማለት እንዲህ ነው» አለች። «በሁለቱ በር ይገባል፤ የሚወለደው በአንዱ፣ ከሌላ ቦታ የሚመጣው በአንዱ። በሁለቱ ደግሞ ይወጣል፤ የሚሞተው በአንዱ፣ የሚሄደው በአንዱ። የሰው ቁጥር የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በነዚህ በሮች ነው።»

ሽንኩርት ነጋዴዋ ከኋላ፣ «መምህርት፣ የኔን ቤት ስትስይ በከንቱ አትድከሚ። አንድ በር ይበቃዋል፤ እሱም ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው» አለች። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁላችንም የየቤታችንን በር እያሰብን ነበር።

በዚያው ሳምንት የጤና ጣቢያችን አዋላጅ አንድ ወሬ ነገረችኝ። ከእኔ ጋር ነው የጀመረችው፤ አብረን ነው ጸጉራችን የሸበተው።

«እህት ዓለም፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱ የሰፈሩን ሰው ሊያስቆጥር ነው» አለችኝ። «በመውለጃ ዕድሜ ያሉት ሴቶች ከሦስት መቶ ካነሱ ይቺን ክፍል ይዘጓታል። ወላዶቹ ከተማ ሆስፒታል ይሄዳሉ።»

ከተማው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ከተማ ውስጥ በያጅ ነው፤ «ቤት ተከራይቻለሁ፣ ነይ» እያለ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። እሷም፣ «እዚህ አዋላጇ እያለችልኝ የት እሄዳለሁ? እናቴ አጠገብ ነው የምወልደው» ትለዋለች። ክፍሉ ከተዘጋ ግን ምን ብላ ትከራከረዋለች? ለመውለድ ብለው የሄዱትን አውቃቸዋለሁ። ሕፃኑ እዚያ ይከተባል፣ እዚያ ጥርስ ያወጣል፣ እዚያ ትምህርት ቤት ይገባል። ሁለተኛዋ ልጄ «ለሦስት ወር ነው» ብላኝ ነበር የወጣችው። ይኸው ስምንት ዓመቷ።

ስለዚህ መምህርታችን ሳትመጣ ቀድሜ ክፍል ገባሁና ለጓደኞቼ ተናገርኩ።

«ቆጣሪው ሲመጣ የሄዱትን ሴቶች ልጆቻችንን እንዳሉ እናስመዝግብ» አልኳቸው። «ውሸት አይደለም። አልጋቸው አለ፤ ልብሳቸው አለ።»

«የኔዋ አልጋዋን ሸጣ ነው የሄደችው» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ።

«አንቺ ደግሞ ቀልድሽን ተይ!»

«ኧረ እሺ፣ አስመዘግባታለሁ። እሷም ብትሆን ስትሸጠው አልቅሳለች!»

ሁሉም ተስማሙ፤ ለየጎረቤታችንም ልንነግር ተባባልን። አንዷ ብቻ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ «ከተያዝንስ?» አለች። «ልጄ ቤቴ አለች ብሎ የታሰረ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት።

እንግዲህ ቆጣሪው ደጃፌ ላይ ቆሟል። ልጄ ጤና ጣቢያ ለክትትል ሄዳለች።

«እማማ፣ ያደረ ሰው ብቻ ነው የምጽፈው» አለ።

«አራት» አልኩት። «እኔና ሦስት ሴቶች ልጆቼ።»

«የት አሉ ታዲያ?»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

የሁለቱስ እውነት ነው፤ ከተማ ሥራ ላይ ናቸው። አንገቱን አስግጎ አልጋዎቹን አያቸው። አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ትራሱ ተደርድሯል። ጻፈ። «ባለሙያ ነዎት እማማ፣ ቤትዎ ያምራል» አለኝና ወደ ጎረቤት አለፈ። እኔ በሩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን አንሶላ ስንት ዓመት በፍቅር አንጥፌዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ለውሸት ምስክር አቆምኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍሉ እንደማይዘጋ ተሰማ። ልጄ ለባሏ ደውላ፣ «በቃ፣ አንተ ና እንጂ እኔ አልመጣም» አለችው። የእኔ ደስታ ሦስት ቀን ብቻ ቆየ።

በአራተኛው ቀን ስገባ አዋላጇ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታለች። ደብዳቤ ከፊቷ አለ። «እዪው» ብላ ገፋችልኝ። ድሮ ቢሆን «ምን ይላል?» ነበር የምላት። ያን ቀን ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እያስኬድኩ ራሴ አነበብኩት። በሰፈሩ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሦስት መቶ አርባ ሴቶች እያሉ ጤና ጣቢያው ውስጥ በወር የሚወልዱት ሁለት ብቻ መሆናቸው እንደታየ ይናገራል። የቀሩት እናቶች ቤታቸው እየወለዱ ስለሆነ አዋላጇ ሥራዋን በአግባቡ አልተወጣችም ይላል። በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠች ከሥራ ትታገዳለች።

«ሦስት መቶ አርባዎቹ የት ነው ያሉት?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት! በር እያንኳኳሁ ነፍሰ ጡር የፈለግሁ ሴትዮ ነኝ እኮ። አንቺስ ታውቂያለሽ አይደል?»

አራቱንም ልጆቼን በሁለት እጇ የተቀበለችው እሷ አልነበረችም፤ እነሱ ቀድመው ነው የተወለዱት። የልጄን ሆድ ግን በየወሩ የምትለካው እሷ ናት። ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ቤት ስደርስ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሰማችኝ።

«እኔን ለማስቀረት ነው?» አለች።

«አንቺን ለማስቀረት ነው።»

«እማዬ፣ እሷን አስባርሬ የምወልደውን ልጅ ማን ሊያዋልደኝ ነው?» አለችና ተነሥታ ደብተሬንና እርሳሴን አመጣችልኝ። «ጻፊ» አለችኝ።

ከሰሌዳ ሳልገለብጥ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ነው። ስምንት መስመር ነበር። ቤቴ ያደርነው ሁለት ሰዎች እንደሆንን፣ አራት ያልኩት ውሸት እንደሆነ፣ ሌሎቹንም የመከርኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ አዋላጇ ምንም እንደማታውቅ ጻፍኩ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩላቸው።

«አይ አንቺ!» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ። «አንቺው አስዋሽተሽን አንቺው ልታስታርሚን?» ተቆጥታ ደብተሯን ዘጋች። ቆየት ብላ ግን መልሳ ከፈተችው። «የልጄን አልጋ ነገርም ልጻፈው ወይ?» አለች። መምህርታችን ያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማረችም። ከዴስክ ዴስክ እየዞረች የምንጽፈውን አየችልን። አሥራ አንዳችንም ጻፍን፤ ከኛ ሰምተው የዋሹት ጎረቤቶቻችንም ቃላቸውን አስተካከሉ። ወረቀቶቹን ለአዋላጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። አልሰደበችኝም። ለአንድ ሳምንት ግን «እህት ዓለም» አላለችኝም።

አዋላጇ ወረቀቶቹን ከመልሷ ጋር ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ላከች፤ እንደገና ሲቆጠር ሴቶቹ ሁለት መቶ ስድሳ ሆኑ። አዋላጇ ነጻ ወጣች፤ ማዋለጃው ተዘጋ። አልጋውን ሁለት ሰዎች መጥተው በመኪና ጫኑት። በቦታው የደም ግፊት መለኪያና አምስት ወንበር ገባ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይሞሉታል። የምትለካቸው አዋላጇ ናት፤ ወረፋ የምይዝላቸው እኔ ነኝ።

ልጄ በስምንተኛ ወሯ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከተማ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ እዚያ ተከተበች፤ በቅርቡ ጥርስ አውጥታለች።

ከአራቱ ልጆቼ አራቱም ሄደዋል። አዋላጇ አለች። እኔም አለሁ።