ከጉልበት የማያልፈው ኩሬ

አሮጊቷን በዕድሜዋ እንደ ወፍ ቀለብ ያሰለቻት ነገር አልነበረም። ሟች ባሏ ከትልልቆቹ የዓሣ ኩሬዎች ባጠመደ ቁጥር፣ ለገበያ የማይሆነውን ጥቃቅን ዓሣ በባልዲ እየተሸከመ ሸምበቆው ሥር ያለችው ትንሽ ኩሬ ውስጥ ይጨምረው ነበር። ውኃዋ ከጉልበት አያልፍም። ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች እዚያ ቆመው ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ሌላውን ኩሬ ዞር ብለው አያዩትም። ሰውየው ሲሞት ባልዲው ለእሷ ተረፈ፤ ወገብ ግን አልተረፋትም።

«በቃኝ» አለችው ልጇን። «እነሱን ስቀልብ ልሙት? ትንሹን ኩሬ ጥልቅ አድርገህ ቆፍረውና ደህና ዓሣ ጨምርበት።»

ልጇም ከዛሬ ነገ ሳይል ቆፈረው፤ ሸምበቆውንም አብሮ አጨደው።

ወፎቹ ግን የትም አልሄዱም። እግራቸው እንደማይደርስ ሲያውቁ ተነስተው የዓሣ ጫጩት የሚያድግበት ኩሬ ላይ ሰፈሩ፤ ከጉልበት የማያልፍ ውኃ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ካለቀ ደግሞ ለከርሞ የሚጠመድ ዓሣ የለም።

ወገቤን ላሳርፍ ያለችው ሴትዮ ይኸው ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ስትደበድብ መዋል ያዘች። ወፎቹ መጀመሪያ በረሩ፣ ኋላ ለመዱ። ጎባጣው ትልቁ ወፍማ፣ «ሽማግሌው» የምትለው፣ ቆርቆሮው ሲጮህ ምሳ ደረሰ የተባለ ይመስል ከተፍ ይላል።

ልጇ መረብ ላልብስበት ቢላት፣ የተጠላለፈውን ወፍ ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ሊፈታ ነው፣ እኔው አይደለሁ ወይ ብላ አፉን አስያዘችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ጣላትና ቆርቆሮው ከእጇ ወደቀ። ስትነቃ ሽማግሌው እግሯ አጠገብ ቆሟል። ጉሮሮው አበጠ፤ ዋጠ። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፣ አቅም አጣች። ልጇ ከኋላዋ ቆሞ ያያታል።

«ምን ይሻላል እማዬ?»

«ያንን የቆፈርከውን ኩሬ አጉድለው።»

«ዓሣው ገና አልደረሰማ።»

«ወደ ትልልቆቹ ኩሬዎች አዛውረው። አፈሩንም መልስ፣ ውኃው ከጉልበት እንዳያልፍ። ከእኔ ጉልበት ነው ያልኩህ፤ አንተማ ቀጭኔ ነህ።»

«ባልዲውንስ ማን ይሸከማል?»

ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

«ግማሽ ግማሽ እየሞላህ አቀብለኝ።»

በሚቀጥለው ማጥመድ፣ ሸምበቆው ከሥሩ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ባልዲዋን እየጎተተች ወረደች። ሽማግሌው ቀድሟት ቆሟል።

«ብላ» አለችው፣ ባልዲውን እየደፋች። «አንተም እንደ ሟቹ ሰውዬ፣ ተመስገን ሳትል ብላ።»