ከወገብ እስከ ጆሮ

ልዑሉ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አያውቅም፤ ግን ዲዛይነር ነኝ ይላል። ማን ይከለክለዋል? አባቱ ንጉሥ ናቸው።

አንድ ቀን አፍንጫውን ነፍቶ የቤተ መንግሥቱ ስፌት ክፍል ገባና የሣለውን የሚኒስትሮች ኮት ኃላፊዋ ፊት ወረወረ። ኃላፊዋ ልዑሉን ከነሽንት ጨርቁ የሚያውቁት አሮጊት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ሥዕሉን አዩት። ኮቱ ከወገብ እስከ ጆሮ ሥር ጠንካራ ካርቶን ይገባበታል።

«ልዑል ሆይ፣ ሚኒስትሮቹ ይሄን ለብሰው እንዴት ነው ለንጉሡ የሚያጎነብሱት?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እዚያ ቤት ንጉሡ ማጅራቱን እስኪያዩት ያላጎነበሰ ሚኒስትር ማታውኑ ሹመቱን ያጣል።

«አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ! አባባ ከወደዱት ክፍሉ የእኔ ነው። አንቺም አርፈሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

የእትዬ ደም ሥር ተገተረ። ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ክፍል ለዚህ ለማይረባ? ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቃቸው መጣ። ይሰፋል እንጂ! የሚኒስትሮቹ ወገብ እምቢ ሲል ንጉሡ ይቆጣሉ፤ ልዑሉም ከነእርሳሱ ይባረራል። እንዲያውም ካርቶኑን ደረብ አድርገው ሰፉት።

ቀኑ ደርሶ ሚኒስትሮቹ እንጨት እንደዋጠ ሰው ተገትረው ገቡ። እትዬ በሩ ሥር ቆመው ያያሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎንበስ ሊሉ ሲታገሉ ኮሌታው አገጫቸውን ወደ ላይ ገፋው። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ንጉሡ ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

ጠቅላዩ ምን አደረጉ? እንደተቆረጠ ዛፍ በግንባራቸው ተደፉ! ሌሎቹም አንዱ ካንዱ እንዳያንስ ዷ! ዷ! እያሉ ምንጣፉን ሞሉት። የትምህርት ሚኒስትሩማ አፍንጫቸው እየደማ «ሺህ ዓመት ይንገሡ!» ይላሉ።

ንጉሡ አጨበጨቡ። «ልጄ፣ እንዲህ ተደርጎ እጅ የተነሣለት ንጉሥ የለም! ስፌት ክፍሉ ያንተ ነው!»

እትዬ በራሳቸው ተናደዱ። እነዚህ ሰዎች የሚያፍሩ መስሏቸው!

መነሣቱ ላይ ግን ጉድ ፈላ። እግር ብቻ ይንፈራገጣል።

«እትዬ፣ መቀስ! ቶሎ በይ፣ ቅደጂላቸው!» አለ ልዑሉ።

እትዬ መቀሳቸውን እጁ ላይ አኖሩለት። «ክፍሉ ያንተ አይደል፣ አንተ? ራስህ ቅደድ።»

«ሰውየውን ብወጋውስ?»

«አይዞህ፣ ውስጡ ባዶ ነው» አሉና ጠቅላይ ሚኒስትሩን እንደ ጉቶ ተራምደው ወጡ።