ዶክተሩ የሳሉት አበባ

«ፎቶ ከሌለ ይኼ ይሁን፤ ቢያንስ እጃቸው የሠራው ነው» አለች ጎረቤቲቱ እንዳለች። ስዕሉን ከነፍሬሙ ከዶክተር ጊዮም መኝታ ቤት አውጥታ፣ አቧራ ሳይኖረው በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ ድንኳኑ ገባች። ከቀብር መልስ ፍራሹ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ቀና አሉ። ነጭ ወረቀት መሃል ቀይና ቢጫ ፈክቷል፤ ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ ሆኖ ይደበዝዛል።

«አበባው ሲያምር» አለች አንዷ፣ ንፍሮዋን እየቆረጠመች።

በፍራሹ ራስ የተቀመጠችው ቦሰና ክው አለች። አበባ አይደለም። እግሯ ነው፤ የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት የነበረው ቀኝ እግሯ።

«እሱን ተይው፣ እንዳለች፤ ሌላ ፈልጊ።»

«የቱን ልፈልግ? የቀረው ሁሉ የጅብ ጥላ ነው። ለቀስተኛ ፊት የጅብ ጥላ ልስቀል?»

እንዳለች ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት። ሽማግሌው ፈረንሳዊ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው እንቅልፍ ላይ ካለፉበት ጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤቱንም ድንኳኑንም የያዘችው እሷ ነች፤ ያለ ፎቶ ለቅሶ ምኑን ለቅሶ ነው ባይ ናት። ዶክተሩ ደግሞ ፎቶ መነሣት አይወዱም ነበር፤ የፓስፖርቱን የኤምባሲ ሰዎች ከነወረቀቱ ወስደውታል። ስለዚህ ስዕሉ ተሰቀለ። ቦሰና መከልከያ ምክንያት ብትፈልግ አጣች፤ እውነቱን መናገር ደግሞ አልቻለችም። ሠፈሩ የሚያውቃት ብርድ የማይስማማት፣ ወፍራም ካልሲ ከእግሯ የማትለይ ሴት መሆኗን ብቻ ነው።

«አላለቀሰችም እኮ» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት በሹክሹክታ። «ለመሆኑ ምናቸው ናት?»

«ሠራተኛቸው።»

«ታዲያ የሚስት ቦታ ምን አስቀመጣት?»

«ሌላ ማን አላቸው ብለሽ።»

ቦሰና ሰምታለች። ምናቸው እንደነበረች እሷም አታውቅም። ትወዳቸው እንደነበር ግን ታውቃለች፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእሳቸውም ቢሆን።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጊንጪ አካባቢ እንጨት ስትለቅም የወጋት እሾህ ውሎ አድሮ እግሯን አሳበጠው፤ ከዚያም በየቦታው ተበሳስቶ መግል ያወጣ ጀመር። ባሏ ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ወደ እናቷ መለሳት፤ እናቷም ሰሃኗን ለየችባት። አዲስ አበባ መጥታ የታየችበት ሐኪም ቤት ይቆረጥ አለ። የመቆረጫው ቀን ሲጠበቅ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ሐኪም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መርምረው ሲጨርሱ ጓንታቸውን አወለቁና ቁርጭምጭሚቷን በባዶ እጃቸው ያዙት። ያን እግር አራት ዓመት ሙሉ ከእሷ በቀር የነካው አልነበረም።

«ይሄ እርግማን አይደለም» አሏት። «የእንጉዳይ ዘመድ ነው። እኔ ዘመዶቹን ሁሉ አውቃለሁ።»

እውነትም ያውቁ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ቅርጫት አንጠልጥለው መናገሻ ጫካ ይሄዳሉ። የለቀሙትን እንጉዳይ፣ ሠፈሩ የጅብ ጥላ የሚለውን፣ ግንዱን ቆርጠው ባርኔጣውን ነጭ ወረቀት ላይ ይደፉትና ብርጭቆ ይከድኑበታል። በማግስቱ ሲያነሱት ከሆዱ የረገፈው ዱቄት መስመር በመስመር ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። በዚያ ላይ በቀለም ይሥላሉ፤ ከሥሩ ስሙን በፈረንሳይኛ ይጽፋሉ። በእነዚያ ብርጭቆዎች ምክንያት እንዳለች በሃያ ዓመት ጉርብትና እዚያ ቤት ውሃ ቀምሳ አታውቅም። የእድሩ ድንኳን ተካይ ስለነበሩም፣ ሰው በሞተ ቁጥር ካስማ ተሸክመው ሲመጡ «መጡ ባለ ጅብ ጥላው» ይባላሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ቦሰና ሁለት ዓመት ኪኒን ዋጠች። ቁስሉን የሚያጥቡላት ራሳቸው ነበሩ፤ ልደታ ፍርድ ቤቱ ጀርባ ከተከራዩት ግቢም አንድ ክፍል ሰጧት። አንድ ጠዋት ያለ ምርኩዝ አብነት ገበያ ድረስ ሄዳ ሽንኩርት ገዝታ መጣች። ዶክተሩ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሥራ ያላቸው ይመስል ባዶ ቅርጫት እያገላበጡ። ሽንኩርቱን ተቀብለው ገቡ። በዚያው ማታ ግን እግሯን መጀመሪያ ቀን እንዳዩት አድርገው ሳሉት፤ ቀዳዳዎቹን ሁሉ እንደ አበባ አስፈክተው። ከሥሩ የጻፉትን ጠይቃቸው አታውቅም። እንደ ሌሎቹ ስሙ ነው ብላ ነበር፤ የበሽታው ስም።

በሠልስቱ ዶክተር ቶሌሳ ከሐኪም ቤት ባልደረቦቹ ጋር መጣ። የዶክተር ጊዮም ተማሪ ነበር፤ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ። ቦሰና ሲገባ ስታየው ጽሑፉን ያነበዋል ብላ ፈራች። እግሯን ቀሚሷ ሥር ሰበሰበች።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ዱሬሳ ጊዜ አላጠፉም። «ዶክተር፣ እንኳን መጡልን። እስቲ የአበባውን ስም ያንብቡልን፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንዲሁ እያየነው ነው።»

ቶሌሳ መነጽሩን አድርጎ ቀረበ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ዞር ብሎ ቦሰናን አያትና ዓይኑ ወደ ቀሚሷ ጫፍ ወረደ። ውጭ የታክሲ ረዳት ይጣራል።

«ለዚህስ የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም፣ አባባ» አለ።

አቶ ዱሬሳ ቅር እያላቸው ተቀመጡ። ቶሌሳ መጥቶ ቦሰና አጠገብ ተንበረከከ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ ቦሰና።»

«የበሽታዬ ስም ነው አይደል?» አለችው ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ስለሸፈንክልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«የበሽታ ስም አይደለም።» ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «‹ቦሰና። ዛሬ ገበያ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች› ነው የሚለው። ቀኑም አለበት።»

ቦሰና ስዕሉን አየችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትወለውለው ፊቷን እያዞረች ነበር። ያ በር፣ ያ ባዶ ቅርጫት ዓይኗ ላይ መጣ። ለካ እየጠበቋት ነበር። መንገድ ላይ ትወድቅብኛለች ብለው ፈርተው ነበር።

«እንዳለች» አለች ቦሰና፣ አሁን ሰው ሁሉ እየሰማት። «አበባ አይደለም። እግሬ ነው።»

እንዳለች የንፍሮውን ሰሃን እንደያዘች ቀረች። ቦሰና ቀኝ እግሯን አወጣችና ካልሲውን ቀስ ብላ ሳበችው። ጠባሳው፣ ስርጉዱ፣ የጎበጡት ጣቶች ብርሃን ላይ ወጡ። ሴቶቹ ስዕሉን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ እንደገና ስዕሉን አዩ። እንዳለች ሰሃኑን አስቀምጣ መጣችና አጠገቧ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች።

ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ ያኔ መጣ። ቦሰና ነጠላዋን አልፈለገችም። በእጇ የያዘችውን ካልሲ ፊቷ ላይ አድርጋ «ዶክተሬ፣ ተመልሻለሁ እኮ» እያለች አለቀሰች።