የተፈራረቁባት መርከብ

ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ ወልደጻድቅ ድሬዳዋ ውስጥ ለቦይለር ሠራተኛ የሚሆን ሥራ አጣ። ጅቡቲ ወርዶ በአንዲት አሮጌ የሽርሽር መርከብ ላይ ተቀጠረ። በእንፋሎት ነበር የምትሄደው፤ በሁለቱ ጎኖቿ ያሉት ትልልቅ መንኮራኩሮች ውሃውን እየገፉ ጎብኚዎችን ደሴቶቹ ድረስ ታመላልሳለች። ከላይ ሰው ሲጨፍር እሱ ከታች እሳቱ አጠገብ ይጠበሳል።

አንድ ቀን የመርከቧ ባለቤት ዕዳውን ሳይከፍል ሁሉንም ጥሎ ጠፋ። መርከቧ በዕዳው ታገደችና ከወደቡ ራቅ ብላ መልሕቅ ጣለች። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲለቀቁ ወልደጻድቅና የድሬዳዋው የሳቢያን ሰፈር ልጅ ሃሺ ቀሩ።

“ያለ ሰው አትቆምም፤ አንዳችሁ ትቆያላችሁ” አሏቸው የወደቡ ሹሞች።

የሃሺ ሚስት ሀዊ መውለጃዋ ደርሶ ነበር።

“አንተ ሂድ” አለው ወልደጻድቅ።

“ጋሼ፣ ወላሂ እመለሳለሁ!”

ወራት አለፉ፤ ሃሺ አልተመለሰም። ወልደጻድቅ ከተማውን በዓይኑ እያየ፣ የሚተካው ሳይመጣ መውረድ አቃተው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላለችው ሚስቱ፣ ለአስካለማርያም፣ ሲደውል ድምፁ እየሳሳ መጣ።

“ግድግዳው እየተጠጋኝ ነው” አላት።

ወዲያው በባጃጅ ሳቢያን ሄደች። ሃሺን ሕፃኑን ታቅፎ በሩ ላይ አገኘችው።

“እትዬ፣ ገና አራስ ቤት ነን…”

“ልጅህን ያሳድግልህ። ባሌን ግን መልስልኝ።”

ሀዊ እያለቀሰች ለመነቻት። አስካለማርያም ቃሏን አላጠፈችም።

ሃሺ ሄደ፤ ወልደጻድቅ መጣ። ግን በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ይውላል። አንድ ቀን ሃሺ ደውሎ፣ “ልጄ ዳኸ አሉኝ” አለው። ወልደጻድቅ ምሳውን ትቶ ተነሣ።

“ልመለስ ነው” አላት ሚስቱን።

“አብደሃል?”

“እሱ እዚያ ታስሮ እኔ እዚህ መጣሁ ይባላል?”

ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ ልብሱን ግን አጥባ ሰጠችው።

እንዲህ ሲፈራረቁ ከዓመት በላይ ከረሙ። ሃሺ በሌለ ቁጥር አስካለማርያም ሳቢያን እየሄደች ሕፃኑን ለሀዊ ትይዝላት ነበር። በመጨረሻ መርከቧ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ያን ጊዜ ተራው የሃሺ ነበርና ሁለቱም ቤተሰቦች ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ወጥተው ተቀበሉት። ሃሺ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ወረደ። ልጁን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ሕፃኑ ጮኾ በአስካለማርያም ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠ።

“ይለምድሃል” አለችው አስካለማርያም፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻለችም።